ሁለት እጄን ያነሣሁ ዕለት

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ባቡር እፈራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በተራራ አገር የሚያልፍ ባቡር ፎቶ ሲያነሣ የኖረ ሰው እንዲህ ሲል ያስቃል። ይሳቅ። ባለፈው ወር ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ኬክ ቆርሶ ሸኘኝ። ቢጫ ሰደርያዬንና ሀዲድ ዳር ለመቆም የሚያስችለኝን የፈቃድ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አለቃዬ ማርያን ካርዱን ስታነሣ አንዱ ባልደረባችን ከወዲያ፣ "የማትረሳው ፎቶ የትኛው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። በአንድ ሐይቅ ዳር ሲታጠፍ ያነሣሁትን፣ ካላንደር ላይ የወጣውን ባቡር ነገርኳቸው። አጨበጨቡ። ማርያን ግን አላጨበጨበችም፤ የማልረሳው የትኛው እንደሆነ ታውቃለች።

ቤታችን ስቶክሆልም ዳር፣ ዩልስታ ነው፣ ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ሰማያዊው መስመር የሚያልቅበት። የዚያን ዕለት ስገባ ባለቤቴ ጽጌ፣ "ተመስገን፣ በረዶ ላይ መገተር ቀረልህ" አለችኝ።

"የላርሽን ነገር ልጽፈው ነው" አልኳት።

"ጻፈው። ግን ራስህን እንዳታሳምር። ታሳምራለህ አንተ፣ አውቅሃለሁ" አለች።

ላርሽ ባቡር ነጂ ነበር። ነበር ማለቴ ሞቶ አይደለም፤ በእኔ የተነሣ ሥራውን ስላጣ ነው። እንዴት እንደሆነ ለመናገር ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ፎቶ ማንሣት የተማርኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አጎቴ ፎቶ ቤት ነው። ሥራችን ጉርድ ፎቶ ነበር። ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጦ አገጩን ቀና ማድረግና ዓይኑን እንዳይጨፍን መለማመጥ፣ ሌላ ነገር የለውም። በጎረምሳነቴ ታሰርኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አጥርቼ አላውቅም፤ እኔ ያነሣሁት ጉርድ ፎቶ ከማይሆን ሰው ኪስ ተገኘ መሰለኝ። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር ተማርኩ። ሲጠይቁህ "አላየሁም፣ አላውቅም፣ አላደረግኩም" ትላለህ። "አዎ" ያሉት ልጆች ከክፍሉ ወጥተው አልተመለሱም። እኔ ሁሉንም ካድኩ፤ ያደረግኩትንም፣ ያላደረግኩትንም። ከዚያ ተፈታሁ፣ በሱዳን በኩል ወጣሁ፣ በስተመጨረሻም ስቶክሆልም ገባሁ።

እዚህ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ፉርጎ ማጽዳት ነው። ከሰሜን ተራሮች የሚመጡት ፉርጎዎች በረዶ ከሥራቸው አንጠልጥለው ይገባሉ፤ እኛ ውስጡን እንጠርጋለን፣ መስኮቱን እንወለውላለን። አሮጌ ካሜራ ነበረችኝ። በእረፍቴ ፉርጎዎቹን እያነሣሁ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። አንድ ቀን አንድ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ ግድግዳው ሥር ቆመው ሲያዩ አገኘኋቸው። አዲስ የገቡ ፉርጎዎችን ፎቶ ሊያነሡ የመጡ ናቸው።

"ማነው ያነሣው?" አሉ።

የሠራሁትን ወንጀል በልቤ እየፈለግኩ፣ "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ፉርጎውን ለምን ከጎን አላነሣኸውም?"

"ከጎን ሣጥን ይመስላል።"

"ሰኞ ና" አሉኝና የመሥሪያ ቤታቸውን አድራሻ በእርሳስ ጽፈው ሰጡኝ። እኚህ ሰው ቤንግት ናቸው። ለባቡር ድርጅቶች የጊዜ ሰሌዳ ሽፋንና ማስታወቂያ ፎቶ የምታቀርብ ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ። ስዊድንኛው ታላቅና ታናሽ አያውቅምና ስናወራ "ዱ"፣ አንተ፣ ነው የምላቸው፤ በልቤ ግን ሁልጊዜም አንቱ ናቸው። ደሞዙ ከጽዳቱ ብዙም አይሻልም ነበር። ሄድኩ።

ቤንግት ብዙ አያወሩም። ሀዲድ ዳር ስንደርስ ካሜራ ከቦርሳ አይወጣም። መጀመሪያ ወዴት እንደምንሸሽ ይፈልጋሉ። ከሀዲዱ ርቆ ወደ ላይ የሚያወጣ ቦታ ይመርጡና በረዶውን በጫማቸው እየደለደሉ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ደግመው ሄደው ይመለሳሉ። ከዚያ እኔ። "እግርህ ይወቀው" ይሉኛል። ከዚያ ባቡሮቹን ለሚያስተላልፈው ቢሮ ደውለው የት እንደቆምን ይናገራሉ። ከሁሉም በፊት ግን፣ ጠዋት መኪናው ውስጥ ሳለን፣ አንድ ጥያቄ አለቻቸው።

"ዛሬ ፈርተሃል?"

"አልፈራሁም" ያልኩ ቀን መኪና ውስጥ አስቀምጠውኝ ብቻቸውን ሄዱ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁር ቆረጠመኝ። ከዚያ ወዲህ "በጣም ፈርቻለሁ" እላለሁ፤ ደግሞም እውነቴን ነው።

ለምን እንደሚጠይቁኝ የገባኝ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ከሰሜኗ ከተማ ከኪሩና ወደ ኖርዌይ ድንበር በሚሄደው መስመር፣ ከአቢስኮ መንደር አለፍ ብሎ፣ የመንገደኛውን ባቡር እየጠበቅን ነው። ይኼ ባቡር ማታ ከስቶክሆልም ተነሥቶ በማግስቱ እኩለ ቀን ገደማ ተራራው ላይ ይደርሳል። የምናየው ወደ ምሥራቅ ነው፣ በዚያ ነውና የሚመጣው። አዲስ በረዶ ወርዷል። እኔ የዋህ፣ ባቡር የሚያህል ነገር ሲመጣ ይሰማል ብዬ አምናለሁ። ድንገት ቤንግት የጃኬቴን ኮፍያ ከኋላ ጨምድደው ወደ ላይ ጎተቱኝ። ስወድቅ ከምዕራብ፣ ከጀርባችን፣ ባዶውን የሚመለስ የማዕድን ባቡር አጠገባችን ደርሷል። በረዶው ድምፁን ሁሉ ውጦት ኖሯል። ፉርጎው አያልቅም፤ ያልፋል፣ ያልፋል፣ ያልፋል። የሚያስነሣው በረዶ አፍና አፍንጫዬን ሞላው። ካለፈ በኋላ ተነሣሁ። ቤንግት ሰደርያዬን አራገፉልኝና፣ "ሀዲዱ ሁለት ጫፍ አለው" አሉኝ። ሌላ ቁጣ የለም።

ሙያውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባትሪ ብብት ውስጥ ይቀመጣል፤ ውጭ ካደረ ይሞታል። ካሜራ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ነው፣ አለዚያ ሌንሱ ያላብና ለቀኑ አለቀለት። ካሜራው በረዶውን በራሱ ከለካው አመድ አድርጎ ያወጣዋል፤ ነጭ እንዲሆን ብርሃን መጨመር አለብህ፣ ሲበዛ ደግሞ በረዶውና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ። የባቡሩ ራስ በረዶ ሲያቦን ከኋላው ያሉት ፉርጎዎች ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይተህ ቦታህን በዚያ ትመርጣለህ። ባቡሩን እያሳደድክ አታነጣጥርም። ከሀዲዱ ማሠሪያ እንጨቶች አንዱን መርጠህ ሌንሱን እዚያ ላይ ታስተካክላለህ፣ ባቡሩ ራሱ ይመጣልሃል። ያነሣኸውን አንዱንም አታጠፋም፣ የተበላሸውንም። ከጉዞ ስመለስ ፔንዴልቶግ በሚሉት የከተማ ባቡር ሶለንቱና፣ እሳቸው ቤት፣ እሄድና ያነሣሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አብረን እናያለን። ጡረታ ከወጡም በኋላ ይኼ አልቀረም።

ደግሞ አንድ የሰላምታ ሕግ ነበር። ነጂው አጭር ጥሩንባ ካሰማህ አንድ እጅህን ከደረትህ ሳታስበልጥ አንሥተህ ጸጥ ማለት ነው። "ከዚያ በላይ አትነቃነቅ" ይሉኛል ቤንግት። "ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ሁለት እጁን ካነሣ ነጂው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ ቁም።" በልቤ ይዤው ነበር። እምላለሁ ይዤው ነበር።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ በመጋቢት፣ ቤንግት ጡረታ ስለወጡ ወደዚያው መስመር ብቻዬን ወጣሁ። ለአዲሱ የጊዜ ሰሌዳ ሽፋን ባቡሩ ከተራራው ሥር ተጠምዝዞ ሲወጣ ይፈለጋል። አራት ቀን ጠበቅኩ። ሁለቱን ቀን ጭጋግ፣ አንዱን ቀን ነፋስ፣ አንዱን ቀን ባቡሩ በመዘግየቱ ፀሐይዋ ከተራራው ኋላ ገባች። ማርያን ደውላ፣ "ነገ ካልሆነ የአምናውን እንጠቀማለን" አለችኝ። በአምስተኛው ቀን ሰማዩ ወለል ብሎ ተከፈተ። መኪናዬ ውስጥ ፈርቼ እንደሆነ የሚጠይቀኝ የለም። አልፈራሁም ነበር።

መሸሻዬን ደለደልኩ፣ ደወልኩ፣ ሁሉን በደንቡ አደረግኩ። ረጅሙን ሌንስ እኔ ይዤ በርከክ አልኩ። ሁለተኛዋን ካሜራ ከኋላዬ ከፍ ካለ ቦታ ተከልኳት፤ እጄ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ስጫን በራዲዮ ታነሣለች። እንደተንበረከክኩ ከቆየሁ እሷ አታየኝም።

መጣ። ጥቁር ሰማያዊው ባቡር ከተራራው ሥር ወጥቶ ፀሐዩ መላ ጎኑን መታው፤ በረዶው ወደ ወዲያ ቦነነ፣ ከራሱ እስከ መጨረሻው ፉርጎ አንዲት ነገር ሳትጋረድ። አነሣሁ። አገኘሁት፤ አወቅኩት። ነጂውም አየኝና አጭር ጥሩንባ አሰማኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ብድግ ብዬ፣ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ "ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!" አልኩ። እናቴ ዝናብ ሲጥል እንደምታደርገው፣ እኛ ሁላችን የምሥራች ስንሰማ እንደምናደርገው። ባቡሩ ገና ወደኔ እየመጣ ነው።

የፍሬኑን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ብረት ብረትን ሲፍቅ ጥርስ ያደነዝዛል። ባቡሩ እየጮኸ አልፎኝ ሄዶ እሩቅ ቆመ። እጆቼ ገና አልወረዱም ነበር።

ነጂው ወርዶ በበረዶው ውስጥ እየተደናቀፈ መጣ። ያ ላርሽ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ ፊቱ ወረቀት መስሏል። "ምንድነው? ሀዲዱ ላይ ምን አለ? ሰው አለ?" አለኝ።

"ምንም የለም" አልኩ።

"ቁም ብለኸኛል። እጅህን አንሥተሃል።"

አፌ ራሱ ተናገረ። "አላነሣሁም። ኮፍያዬን እያስተካከልኩ ነበር።"

እንደዚያ ነው የሆነው። አስቤ አልዋሸሁም፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጠየቀኝ፣ ካድኩ። ላርሽ ትክ ብሎ አየኝ። በዚያው ቅጽበት በደረቱ የያዘው ራዲዮ ተንጫጫ፤ ፉርጎ ውስጥ አንዲት መንገደኛ ወድቃ የጭኗ አጥንት ተሰብሯል። ዞሮ ወደ ባቡሩ ሮጠ።

ሄሊኮፕተር መጥቶ ሴትዮዋን ወሰዳት፤ በኋላ ድና በእግሯ እንደሄደች ሰማሁ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሁለተኛዋን ካሜራ ከፈትኩ። ቁልፏ ለካ እጄ ውስጥ ነበረች። እጄን ስዘረጋ አውራ ጣቴ ተጭኗታል። ስድስት ፎቶ አንሥታለች፤ በስድስቱም መሐል ላይ እኔ ቆሜያለሁ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ የባቡሩ ራስ ወደኔ እየመጣ። ላብ አጠመቀኝ። ማጥፊያውን ነካሁት፤ አልተጫንኩትም። ለምን እንደሆነ ጽጌ "ሕሊናህ ነው" ትላለች። እኔ እንጃ፣ የቤንግት ልማድ ይመስለኛል።

ከዚያ ምርመራ ተከፈተ። እነሱ "ኡትሬድኒንግ" ይሉታል። ቁጥሩ የማይታይ ስልክ ሲደወል ልቤ ትወድቃለች። መርማሪው ግን በጣም ትሑት ነው፤ አይጮህም፣ አያስፈራራም፣ ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ይብስ ፈራሁት። "በእጅህ ምልክት ሰጥተሃል?" "አልሰጠሁም።" "እርግጠኛ ነህ?" "እርግጠኛ ነኝ።" ቃሌን ጽፎ ላከልኝ፣ ፈረምኩ። የዚያን ጊዜው የባቡር ራስ ካሜራ አልነበረውም። የላርሽ ቃል በእኔ ቃል ላይ ነው። ነገሩ እስኪጣራ እሱን ከሥራ አግደውታል።

እህል በአፌ አልገባ አለ። በአራተኛው ቀን ጽጌ ሰሃኑን ከፊቴ ነጥቃ፣ "ምን ሆነሃል? ሐኪም ነገረህ እንዴ አንድ ነገር?" አለችኝ። ነገርኳት።

"እና ሰውየውስ?" አለች።

"ምን ሰውየው! ፈቃዴን ይነጥቁኛል፤ ይከሱኛል። የፈረምኩት ውሸት ነው እኮ፣ ጽጌ። ያስሩኛል።"

"እዚህ አገር?"

"ታዲያ እዚህ አገር እስር ቤት የለም?"

"እኔ ስለ ሰውየው ነው የጠየቅኩህ" አለችና ሰሃኑን ይዛ ገባች። ያን ሰሞን አላነጋገረችኝም።

ቤንግት ሁለት ጊዜ ደወሉ። "ፎቶዎቹን አላመጣህም" አሉኝ። አመመኝ አልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ራሳቸው በከዘራቸው ዩልስታ ድረስ መጡ። በስምንት ዓመት ውስጥ ቤቴን ረግጠው አያውቁም። ጽጌ አስገባቻቸውና ኮምፒዩተሩን ራሷ ከፈተችላቸው። ያን ሰሞን ከሐይቅ ዳር ያነሣሁትን አዩ፤ የተራራውን አዩ፤ "ጥሩ ነው፣ እሰይ" አሉ። ቀጥሎ ስድስቱ መጡ። አንዱን ካዩ በኋላ ሌላውን ቀስ ብለው እየገፉ ስድስቱንም ጨረሱ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ነጂው ይሠራል?"

"ታግዷል።"

"ስንት ቀኑ?"

"አሥራ አንድ።"

ቤንግት ተነሡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምነው በሰደቡኝ። በሩ ላይ ጫማቸውን እያሰሩ፣ "የት እንደምትሸሽ አስተማርኩህ" አሉኝ። "ይኼኛውን አላስተማርኩህም።" ጽጌ እስከ ጣቢያው ሸኘቻቸው።

በማግስቱ ስድስቱን ፎቶ ይዤ ማርያን ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ላፕቶፑን ተቀበለችኝ። አይታ ስትጨርስ ስልኩን አነሣች። የሆነው እንዲህ ነው፦ የሀዲድ ፈቃዴን ለሁለት ዓመት ወሰዱብኝ፣ ምድር ቤት የድሮ ፎቶ ስለይ ቆየሁ፣ አንድ ቅጣት ከፈልኩ። አላሰሩኝም። ያን ሁሉ ቀን እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ይቺን ያህል ብቻ ኖሯል። የላርሽ እገዳ ተነሣ ብለው በጽሑፍ ነገሩኝ፣ እኔም በቃ ተስተካከለ ብዬ ደስ አለኝ።

ከወር በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው በዚያው ባቡር ቤቱ ወዳለበት ወደ ኪሩና ሄድኩ። ስልክ ደውዬለት፣ "ና" ከማለት በቀር ምንም አላለኝም። መንገዱን ሁሉ ይመታኝ ይሆን እያልኩ ነው የሄድኩት። በሩን ከፈተልኝና ወጥ ቤት አስቀመጠኝ። ፎቶውን አትሜ ይዤለት ነበር፤ ፖስታውን ሳወጣ በእጁ ከለከለኝ።

"ፎቶ አልፈልግም። በአፍህ ንገረኝ።"

"ሁለት እጄን አንሥቼ ነበር" አልኩት። "በትክክል አይተሃል። እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

"ድገመው።"

ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜም አስባለኝ። ከዚያ እሱ ማውራት ጀመረ፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው።

"የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስለ ዓይኔ እምል ነበር። ከዚያ ሰውየው አላነሣሁም ብሎ ፈርሟል አሉኝ። ደጋግመው በትሕትና ጠየቁኝ፤ ምናልባት ጥላ ይሆን? ምናልባት ደክሞህ? እኔም ምናልባት ማለት ጀመርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ስነዳ ስንት ነገር አይቻለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ያልነበረው የቱ ነው እያልኩ አድራለሁ። ያንተ ፎቶ መጣና ወደ ሥራ መለሱኝ። በመጀመሪያው ቀን ከየምሰሶው ሥር ሰው ቆሞ አየሁ። ሁለት ጊዜ ባቡሩን አቆምኩ። ማንም አልነበረም። ወርጄ ቁልፉን መለስኩ።"

"አሁን ግን እውነቱ ታወቀ እኮ" አልኩት፣ እንደ ሕፃን።

"አዎ፣ ታወቀ" አለ። "አሥራ ሁለት ቀን ዘገየ።"

እንዲረግመኝ ፈለግኩ። እሱ ግን ሰዓቱን አየና፣ "ባቡርህ ይደርሳል፣ ልሸኝህ" ብሎ ካፖርቱን ለበሰ። ከደጃፉ መኪናው በረዶ ተጭኖባት ቆማለች፣ ጎማዋ ከተነቃነቀ ቆይቷል። በእግራችን ወረድን። ቀኑ ጥርት ያለ ነው፤ ጎዳናው ወዲያም ወዲህም ባዶ ነበር። ማቋረጫው ጋ ስንደርስ ላርሽ ቆመ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ እንደገና ወደ ግራ አየ። እግሩ አልተነሣም።

"የሚመጣ ነገር አለ?" አለኝ።

"የለም" አልኩት።

ክንዴን ያዘኝና ተሻገረ።